የቦታ ስም እንደ ንብረት፦ ስለ ሻቶነፍ ዱ ፓፕ ቀይ ወይን ጠጅ ለነጋዴዎች የቀረበ ጥናት

(በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በንግድ ዓለም ከሚሸጡትና ከሚለወጡት ነገሮች መካከል በሚዛን የማይመዘን፥ በሜትርም የማይለካ፥ ነገር ግን ከብዙ ዕቃ ይልቅ ዋጋ የሚያወጣ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ስም ነው። ሁለት ጠርሙስ ቀይ ወይን ጠጅ በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲታዩ መልካቸው ተመሳሳይ ነው፤ የሁለቱም መጠን 75 ሳንቲ ሊትር ነው። ይሁን እንጂ የአንደኛው ዋጋ የሁለተኛው ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ገዢው ጠርሙሱን ከፍቶ ሳይቀምስ ይህን ልዩነት የሚከፍለው በኤቲኬቱ ላይ የተጻፈውን የቦታ ስም አምኖ ነው።

ታዲያ ያ ስም ሐሰት ሆኖ ቢገኝ የሚጎዳው ማን ነው? ስሙንስ መጠበቅ የማን ተግባር ነው? ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ለማግኘት በደቡብ ፈረንሳይ የምትገኘውን የሻቶነፍ ዱ ፓፕን መንደርና በእርስዋም ውስጥ ያለውን ሻቶ ፎርቲያ የተባለውን የወይን ርስት ታሪክ መመርመር ይጠቅማል። ዛሬ በዓለም ገበያ የሚታወቀው የወይን ጠጅን የትውልድ ስፍራ በሕግ የመጠበቅ ሥርዓት ከተወለደባቸው ቦታዎች አንዱና ዋናው ይህ ስፍራ ነውና።

ስፍራውና የስሙ አመጣጥ

ሻቶነፍ ዱ ፓፕ ከሮን ወንዝ በስተ ምሥራቅ፥ በአቪኞንና በኦራንዥ ከተሞች መካከል የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት። የስሟ ትርጓሜ «የፓፓው አዲስ ግንብ» ማለት ነው። ከ1309 እስከ 1377 ድረስ የሮማ ፓፓዎች መቀመጫ አቪኞን ስለ ነበረ፥ ፓፓ ዮሐንስ 22ኛ በዚህች መንደር ኮረብታ ላይ ለበጋ ማረፊያ የሚሆን ግንብ አሠሩ። ከግንቡ የተረፈው በ1944 የጀርመን ወታደሮች ለቀው ሲሄዱ በፈንጂ ስለ ፈረሰ ዛሬ ቆሞ የሚታየው ከፊል ግድግዳው ብቻ ነው። መንደሪቱ ለብዙ ዘመን ሻቶነፍ ካልሰርኒዬ ትባል ነበር፤ አሁን የምትታወቅበትን ስም በይፋ የያዘችው በ1893 ነው።

የወይኑ ቦታ ስፋት 3,200 ሄክታር ገደማ ሲሆን፥ በሻቶነፍ፥ በኦራንዥ፥ በኩርቴዞን፥ በቤዳሪድና በሶርግ አምስት ቀበሌዎች ውስጥ ተከፋፍሎ ይገኛል። ከሚጠመቀውም ወይን ጠጅ ከመቶው 90 እጅ የሚበልጠው ቀይ ነው።

ከብዙው ቦታ ላይ አፈሩ በትልልቅ ድብልብል ድንጋይ የተሸፈነ ነው። ይህ ድንጋይ ቀን የፀሐይን ሙቀት ይቀበልና ሌሊት ቀስ በቀስ ለተክሉ ይመልሰዋል። ከሰሜን በሮን ሸለቆ የሚወርደው ሚስትራል የተባለው ብርቱ ነፋስም ቅጠሉንና ዘለላውን እያደረቀ ከሻጋታ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ፍሬው በሚገባ ይበስላል፤ ስኳሩም ይበዛል፤ ከእርሱ የሚወጣው ወይን ጠጅ ኃይለኛ ይሆናል። ሆኖም አፈሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ማለት አይደለም፤ አሸዋና ሸክላ የበዛባቸው ቦታዎችም አሉ፤ ከእነዚህ የሚገኘው ወይን ጠጅ ለስለስ ያለ ጠባይ ይኖረዋል።

ስሙ እንዴት እንደ ተሰረቀ

የቦታን ስም መጠበቅ በዚህ አገር ፈጽሞ አዲስ አሳብ አልነበረም። ከመንደሪቱ ፊት ለፊት፥ ከሮን ወንዝ ማዶ ባለው በሮክሞር ወደብ በርሜሎች በብዛት ወደ ሌላ አገር ይጫኑ ነበር። በ1737 በወጣው የንጉሥ ትእዛዝ መሠረት የዚያ አካባቢ በርሜሎች ለንግድ ሲወጡ ሲ፥ ዴ፥ ኤር የተባሉት ሦስት የፈረንሳይኛ ፊደላት በእሳት እንዲተኮስባቸው ተወሰነ፤ የፊደላቱም ፍች «ኮት ዱ ሮን»፥ ይኸውም የሮን ዳርቻ ማለት ነው። የትእዛዙ ዓላማ ከሌላ ቦታ የመጣ ወይን ጠጅ በሮክሞር ስም እንዳይሸጥ ለመከልከል ነበር።

ይሁን እንጂ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ታላቅ መቅሠፍት መጣ። ፊሎክሴራ የተባለችው ከአሜሪካ የገባች ጥቃቅን ነፍሳት የወይኑን ሥር እየመጠጠች ታደርቀው ጀመር። ጉዳቱ በ1860ዎቹ ዓመታት አስቀድሞ ከታየባቸው ስፍራዎች አንዱ ይኸው የሮክሞር አካባቢ ነበር፤ ከዚያም በፈረንሳይ አገር ሁሉ ተስፋፋ። ፍቱን ሆኖ የተገኘው መድኃኒት ነፍሳቷን በሚቋቋም በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ የፈረንሳይን ወይን ማዳቀል ነው፤ ነገር ግን አሮጌውን ተክል ነቅሎ አዲሱን ማሳደግ ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ ሆነ።

በዚህ መካከል ገበያው ባዶ አልቀረም። የወይን ጠጅ ፈላጊው እንደ ወትሮው ብዙ፥ እውነተኛው ወይን ጠጅ ግን ጥቂት ስለ ሆነ፥ ክፍተቱን አታላዮች ሞሉት። ከዘቢብ፥ ከስኳርና ከውኃ የተቀላቀለ መጠጥ ወይን ጠጅ እየተባለ ተሸጠ፤ በርካሽ የተገዛ የሌላ አገር ወይን ጠጅም የታወቀ መንደር ስም እየተለጠፈበት ወጣ። መንግሥት በነሐሴ 1 ቀን 1905 ማጭበርበርን የሚከለክል ሕግ ቢያወጣም ችግሩ አልቆመም። በ1907 በላንግዶክ ክፍለ ሀገር ዋጋው ስለ ወደቀ የወይን ገበሬዎች በመቶ ሺህ እየሆኑ ለአቤቱታ ወጡ፤ በናርቦን ከተማም ወታደሮች ተኩሰው ሰው ሞተ።

የሻቶነፍ ገበሬ በዚያ ጊዜ ሁለት ጉዳት ነበረበት። የመጀመሪያው፥ ስሙን ሌሎች እየወሰዱ ይሸጡበት ነበር። ሁለተኛው ደግሞ፥ የራሱ ወይን ጠጅ ያለ ስም ይሸጥ ነበር፤ ይኸውም ምርቱ ኃይለኛ ስለ ነበረ አብዛኛው በበርሜል ወደ ቡርጎኝ እየተላከ በዚያ የነበረውን ቀላል ወይን ጠጅ ለማጠንከር ይደባለቅ ነበር። እንግዲህ ስሙ ያለ ወይኑ፥ ወይኑም ያለ ስሙ ይሸጡ ነበር ማለት ነው። ከሁለቱም ንግድ ለገበሬው የሚደርሰው ትርፍ እጅግ አነስተኛ ነበር።

የሻቶ ፎርቲያ ባለርስት ያቀረቡት ቅድመ ሁኔታ

ባሮን ፒየር ለ ርዋ ደ ብዋዞማርዬ በ1890 የተወለዱ፥ ሕግ የተማሩ፥ በአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን ነጂ ሆነው የተዋጉ ሰው ነበሩ። ከሻቶ ፎርቲያ ባለርስቶች ወገን ሚስት አግብተው በመንደሪቱ ተቀመጡና የወይን ጠጅ ሥራን ያዙ።

በ1923 የመንደሪቱ ገበሬዎች ወደ እርሳቸው ሄደው ስማቸውን ከአታላዮች እንዲያስጥሉላቸው ለመኗቸው። ባሮኑም ጥያቄውን የተቀበሉት በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ይኸውም ገበሬዎቹ ሌላውን ከመክሰሳቸው በፊት ራሳቸው አስቀድመው የሐቀኝነትና የሥነ ሥርዓት ምሳሌ እንዲሆኑ ነው። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ጥልቅ ነው። ሌባን ከውጭ ከመፈለግ አስቀድሞ ቤትን መጥረግ እንደሚገባ የሕግ ዐዋቂው ባሮን ተረድተው ነበርና። ፍርድ ቤት ፊት ቀርቦ «ይህ ስም የእኔ ነው» የሚል ሰው፥ በስሙ የሚሸጠው ነገር ምን እንደ ሆነና ከሌላው በምን እንደሚለይ ማስረዳት ይገባዋል።

በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የግንቦት 6 ቀን 1919 ሕግ የስምን ወሰን የመቁረጥ ሥልጣን የሰጠው ለፍርድ ቤቶች ነበር። ሆኖም ሕጉ ከሁሉ ይልቅ የተመለከተው የመሬቱን ወሰን ነው። በዚህም ምክንያት በወሰኑ ውስጥ መሬት ያለው ሰው መጥፎ የወይን ዘር ተክሎ፥ ከመጠን በላይ አምርቶ፥ ያንኑ የተከበረ ስም ሊለጥፍበት ይችል ነበር። ባሮኑና ጓደኞቻቸው ግን ስፍራው ብቻውን በቂ አለመሆኑን ዐወቁ፤ ስለዚህ በገዛ ራሳቸው ላይ ስድስት ሥርዓቶችን ጫኑ። እነዚህም የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ፤ የመሬቱ ወሰን በአፈሩ ጠባይ እንዲቆረጥ። ለወይን የሚሆነውን ደረቅ መሬት ለመለየት የተመረጠው ምልክት ማንም ገበሬ የሚያውቀው ነበር፤ ላቫንድና ጦስኝ ሳይዘሩት አብረው የሚበቅሉበት መሬት ለወይን ተገቢ ነው ተባለ። ለምለሙና እርጥቡ መሬት ለሌላ አዝመራ ተተወ።

2ኛ፤ የሚተከሉት የወይን ዘሮች በስም ተለይተው እንዲታወቁ።

3ኛ፤ ተክሉ የሚገረዝበትና የሚያዝበት ዘዴ እንዲወሰን።

4ኛ፤ በመከር ጊዜ ፍሬው ሁሉ እየተለቀመ፥ ዓመቱ መልካም ቢሆንም እንኳ ቢያንስ ከመቶው 5 እጅ እንዲጣል።

5ኛ፤ የአልኮሉ ኃይል ያለ ተጨማሪ ስኳር በተፈጥሮው ከመቶ 12.5 እንዳያንስ።

6ኛ፤ በዚህ ስም ሮዜ የተባለው ወይን ጠጅ ፈጽሞ እንዳይሠራ።

ይህን ስድስት ሥርዓት ነጋዴ ሰው በጥንቃቄ ቢመለከተው አንድ ነገር ያስተውላል፤ እያንዳንዱ ሥርዓት ለገበሬው በቅርብ ጊዜ ኪሳራ ነው። ለምለም መሬቱን ይተዋል፤ ብዙ የሚያፈራውን ዘር ይነቅላል፤ ከለቀመው ፍሬ ከፊሉን ይጥላል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው የቀረው ምርት በስሙ ምክንያት የጠፋውን ይመልስልኛል ብሎ ነው። እንግዲህ ስም እንደ ማንኛውም ንብረት በወጪ የሚሠራ ነገር መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

ክርክሩና ሕጉ

ጉዳዩ በቶሎ አላለቀም። ከወሰኑ ውጭ የቀሩት ሰዎች መቃወማቸው የማይቀር ነበርና ነገሩ በኦራንዥ ፍርድ ቤት ተከራክሮ በ1929 ለገበሬዎቹ ተፈረደላቸው። ይግባኝ ተብሎበትም ስለ ነበረ የመጨረሻው ውሳኔ በፓሪስ ከሚገኘው ከሰበር ፍርድ ቤት የተገኘው በ1933 ነው። ገበሬዎቹ ተነሥተው ወደ ባሮኑ ከሄዱበት ቀን እስከዚህ ውሳኔ ድረስ 10 ዓመት ሆነ።

በአንድ መንደር የተፈተነው ይህ ሥርዓት ከዚያ በኋላ የመላው አገር ሆነ። የዢሮንድ እንደራሴ የነበሩት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ዦዜፍ ካፑ ከባሮኑ ጋር ሆነው በደከሙበት፥ በሐምሌ 30 ቀን 1935 የወጣው ድንጋጌ ቁጥጥር ያለበትን የትውልድ ስፍራ ስም አቆመ፤ በፈረንሳይኛ «አፔላሲዮን ዶሪዢን ኮንትሮሌ» ይባላል። በግንቦት 15 ቀን 1936 በዚህ ድንጋጌ መሠረት መጀመሪያ ከታወቁት ስሞች አንዱ ሻቶነፍ ዱ ፓፕ ነበረ። ባሮን ለ ርዋ ከ1947 ጀምሮ በ1967 እስከ ሞቱ ድረስ የዚሁ ሥርዓት ጠባቂ የሆነው ብሔራዊ ድርጅት ሊቀ መንበር ነበሩ። ሻቶ ፎርቲያም እስከ ዛሬ በዘሮቻቸው እጅ ይገኛል፤ ከሚያወጣቸውም ወይን ጠጆች አንዱ በባሮኑ መታሰቢያ «ኪዩቬ ዱ ባሮን» ተብሎ ይሸጣል።

ስለ ወይኑ ዘርና ስለ ጣዕሙ

በዝዋይ አካባቢ ተተክሎ ከ2014 ጀምሮ ለገበያ የቀረበውን የኢትዮጵያ ወይን ጠጅ የሚሸጥ ባለሱቅ፥ በኤቲኬቱ ላይ ሜርሎ ወይም ሲራ የሚል የወይን ዘር ስም ማንበብ ለምዷል። በሻቶነፍ ዱ ፓፕ ጠርሙስ ላይ ግን የዘር ስም ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ምክንያቱም ይህ ወይን ጠጅ በዘር ሳይሆን በስፍራ የሚጠራ ነው። ሕጉ የፈቀዳቸው ዘሮች በልማድ 13 ተብለው ይቆጠራሉ፤ እነርሱም ግሬናሽ፥ ሲራ፥ ሙርቬድር፥ ሳንሶ፥ ኩኗዝ፥ ቫካሬዝ፥ ሙስካርዳን፥ ቴሬ ኗር፥ ክሌሬት፥ ፒክፑል፥ ቡርቡላንክ፥ ሩሳንና ፒካርዳን ናቸው። ከእነዚህ መካከል ነጫጮች ዘሮች መኖራቸው አንባቢን ሊያስገርም ይችላል፤ ሆኖም ነጩን ከቀዩ ጋር አብሮ ማፍላት በዚያ አገር የቆየ ልማድ ነው።

ሠሪው ሁሉንም ዘር የመጠቀም ግዴታ የለበትም። በአብዛኛው የበላይነት ያለው ግሬናሽ ነው፤ እርሱም ኃይልን፥ ሙላትንና የበሰለ ፍሬ ጣዕምን ይሰጣል፤ ነገር ግን ብቻውን ሲሆን ቀለሙ ቶሎ ይደበዝዛል። ስለዚህ ሲራ ለቀለምና ለመዓዛ፥ ሙርቬድር ደግሞ ለጥንካሬና ለዕድሜ ይጨመሩለታል። የሚገኘው ወይን ጠጅ ሞቅ ያለና ወፍራም፥ የቀይ ፍሬና የቅመም መዓዛ ያለው ነው። የአልኮሉ መጠን ዛሬ ብዙ ጊዜ ከመቶ 14 እስከ 15 ይደርሳል። ከጥብስ ሥጋና ቅመም ከበዛበት ወጥ ጋር ይስማማል፤ ለዓሣና ለቀላል ምግብ ግን ይከብዳል።

የምርቱ መጠን ከአንድ ሄክታር 35 ሄክቶ ሊትር እንዳይበልጥ መወሰኑም መታወቅ ይገባዋል። ይህ ማለት 3,500 ሊትር፥ ወይም 4,600 ያህል ጠርሙስ ነው። መከሩም በእጅ እንጂ በመኪና እንዲለቀም አይፈቀድም። እንግዲህ እውነተኛው ሻቶነፍ ዱ ፓፕ በጣም ርካሽ ሆኖ ሊሸጥ የማይችልበት ምክንያት ከዚህ ይገባል፤ ከልማዱ ውጭ በወረደ ዋጋ የቀረበለት አስመጪም ከመግዛቱ በፊት ሊጠራጠር ይገባዋል።

ስለ ጎረቤቶቹ

ደንበኛው የዚህን አገር ጣዕም ወዶ ዋጋው ቢከብደው፥ ባለሱቁ በዙሪያው ያሉትን ስሞች ማወቅ አለበት። ከሁሉ ሰፊውና ርካሹ ኮት ዱ ሮን ነው፤ ይህም በሮን ሸለቆ በብዙ መንደሮች የሚሠራ ሲሆን ምርቱም በጣም ብዙ ነው። ከእርሱ ከፍ ብሎ ኮት ዱ ሮን ቪላዥ የተባለው ይገኛል። ቀጥሎ ደግሞ በራሳቸው መንደር ስም የሚጠሩ አሉ፤ እነርሱም ዢጎንዳስ ከ1971፥ ቫኬራስ ከ1990፥ ኬራን ከ2016 ጀምሮ የራሳቸውን ስም በሕግ ያገኙ ናቸው። ከወንዙ ማዶ ያለው ሊራክ ይህን መብት ያገኘው በ1947 ነው። የእርሱ ጎረቤት ታቬል ግን ሮዜ ብቻ የሚሠራ ስለ ሆነ ቀይ ወይን ጠጅ ብሎ ማዘዝ ስሕተት ነው።

እነዚህ ስሞች ለባለሱቁ እንደ ደረጃ መሰላል ያገለግላሉ። በዝቅተኛው ዋጋ ኮት ዱ ሮንን፥ በመካከለኛው ሊራክን ወይም ቫኬራስን፥ ከዚያም ዢጎንዳስን፥ በላይኛው ሻቶነፍ ዱ ፓፕን ቢያቀርብ፥ ለእያንዳንዱ ገዢ እንደ አቅሙ የሚስማማ አንድ ቤተ ሰብ የሆነ ጣዕም ሊያገኝለት ይችላል። በሁሉም ውስጥ ዋናው ዘር ግሬናሽ ነውና።

ኤቲኬቱ የሚናገረውና የማይናገረው

አስመጪው ናሙና ሲቀበል አስቀድሞ የሚመረምራቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው። አንደኛ፥ «አፔላሲዮን ሻቶነፍ ዱ ፓፕ ኮንትሮሌ» ወይም በአዲሱ የአውሮፓ ሥርዓት «ፕሮቴዤ» የሚል ቃል በሙሉ መጻፉን ያረጋግጥ። ሁለተኛ፥ መከሩ የተሰበሰበበትን ዓመት ይመልከት። ሦስተኛ፥ ወይኑን በጠርሙስ የሞላው ማን እንደ ሆነ ያንብብ። «ሚ ዛን ቡቴይ ኦ ሻቶ» ወይም «ኦ ዶሜን» የሚል ቃል ካለ ወይኑ በተመረተበት ርስት ታሽጓል ማለት ነው። የነጋዴ ስም ብቻ ካለ ግን ያ ነጋዴ ከልዩ ልዩ ገበሬዎች በበርሜል ገዝቶ የሞላው ነው፤ በዚህም መንገድ የሚሠራ ጥሩ ወይን ጠጅ አለ፤ ሆኖም መታመን የሚገባው የነጋዴው ስም ይሆናል።

የገበሬዎቹ ማኅበር በ1937 የፓፓውን አክሊልና የቅዱስ ጴጥሮስን ሁለት ቁልፎች የሚያሳይ፥ ከመስተዋቱ ጋር አብሮ የተቀረጸ ምልክት ያለበት ጠርሙስ አወጣ። ይህ ምልክት የሚፈቀደው በርስቱ ውስጥ ለሚሞላ ወይን ጠጅ ነው። ምልክቱ መኖሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሌላ ዓይነት ጠርሙስ የሚጠቀሙ የታወቁ ርስቶች ስላሉ፥ ምልክቱ ባለመኖሩ ብቻ ወይኑ ሐሰተኛ ነው ተብሎ መፈረድ የለበትም።

ከሁሉ በላይ ግን መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። ሕጉ የሚያረጋግጠው ወይኑ ከየት እንደ መጣና እንዴት እንደ ተሠራ ነው፤ ጣዕሙ ያለ ጥርጥር ግሩም መሆኑን አያረጋግጥም። በአንድ ስም ሥር ትጉህም ሰነፍም ሠሪ አለ። ስለዚህ ብልህ አስመጪ የቦታውን ስም እንደ በር ይቆጥረዋል፤ በበሩ ከገባ በኋላ የሠሪውን ስም ይመርጣል፤ ናሙናውንም ቀምሶ ያዝዛል።

ስለ አቀማመጥና ስለ መጓጓዝ

በርስቱ ብዙ ተደክሞበት የተሠራ ወይን ጠጅ በመንገድ ወይም በሱቅ በጥቂት ሳምንት ሊበላሽ ይችላል። ዋናው ጠላቱ ሙቀት ነው። ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው ጭነት በጂቡቲ ወደብ በኩል ሲያልፍ፥ ኮንቴይነሩ በቆላው ፀሐይ ለብዙ ቀን ቢቆም በውስጡ ያለው ወይን ጠጅ ይሰፋና ቡሹን ወደ ላይ ይገፋዋል። አስመጪው ሳጥኑን ሲከፍት ቡሹ ከአፉ ወጣ ብሎ፥ በአንገቱም ላይ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ወርዶ ካገኘ ጭነቱ በሙቀት መጎዳቱን ይወቅ፤ ዕቃውን ከመረከቡ በፊትም በጽሑፍ ያመልክት። በተቻለ መጠን ጭነቱ በቀዝቃዛው ወራት እንዲደርስ፥ አለዚያም ማቀዝቀዣ ባለው ኮንቴይነር እንዲጓጓዝ መዋዋል ይበጃል።

በመጋዘን ውስጥ ጠርሙሱ በጎኑ ተጋድሞ ይቀመጥ፤ ቆሞ ከቆየ ቡሹ ይደርቅና አየር ያስገባል። የቦታው ሙቀት ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን መልካም ነው፤ ከዚህም ይልቅ የሚጎዳው ሙቀቱ ቀንና ሌሊት ከፍና ዝቅ ማለቱ ነው። ብርሃንም ስለሚጎዳው በሱቅ መስኮት ላይ ለዕይታ የሚቆመው ጠርሙስ አንድ ብቻ ይሁን፤ እርሱም በመጨረሻ ለደንበኛ አይሸጥ። መልካም የተባለው ሻቶነፍ ዱ ፓፕ በዚህ ሁኔታ ተጠብቆ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ለገበታ ሲቀርብ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ሲሞቅ የአልኮሉ ኃይል መዓዛውን ይሸፍነዋል።

ለላኪዎች የሚሆን ትምህርት

ይህ ታሪክ የሚጠቅመው ወይን ጠጅ ለሚያስገባ ብቻ አይደለም፤ ቡና ለሚልክም ይጠቅማል። ይርጋጨፌ፥ ሐረርና ሲዳሞ በዓለም ገበያ የቦታ ስም ሆነው የሚሸጡ ናቸው። የኢትዮጵያ መንግሥት እነዚህን ስሞች በ2005 በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር፤ ከብዙ ክርክርም በኋላ በ2007 ከአንድ ታላቅ የአሜሪካ የቡና ኩባንያ ጋር ስሞቹን በፈቃድ ስለ መጠቀም ስምምነት ተፈረመ።

የሁለቱ መንገድ ግን አንድ አይደለም። የንግድ ምልክት ባለቤቱ አንድ ነው፤ እርሱም ስሙን በፈቃድ ለሌሎች ይሰጣል። የትውልድ ስፍራ ስም ግን የአንድ ሰው ሀብት አይደለም፤ በወሰኑ ውስጥ ሆኖ ሥርዓቱን የሚፈጽም ሁሉ ይጠራበታል፤ ሥርዓቱን የተወ ግን ባላባት ቢሆን እንኳ ስሙን ያጣል። የመጀመሪያው ስሙን ከውጭ ሰው ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ከውጭም ከውስጥም ይጠብቃል።

በሁለቱም መንገድ የሚመጣው አደጋ ግን አንድ ነው። አንድ ላኪ የሌላ አካባቢ ቡና ቀላቅሎ በታወቀው ስም ቢልክ፥ በዚያ ቀን ትርፍ ሊያገኝ ይችላል። ገዢው ግን ኩባያውን ቀምሶ ቅር ሲለው የሚጠላው የላኪውን ስም አይደለም፤ የሚያስታውሰው በጆንያው ላይ ያነበበውን የቦታ ስም ነው። ስለዚህ ዕዳው በዚያ ቦታ ለሚኖረው፥ ቡናውን በሐቅ ለለቀመው ገበሬ ሁሉ ይተርፋል። ስም የጋራ ንብረት እንደ ሆነ ሁሉ፥ ነውሩም የጋራ ነው።

በመግቢያው የተነሡት ሁለት ጥያቄዎች በዚህ ይመለሳሉ። ስም ሐሰት ሲሆን መጀመሪያ የሚጎዳው ገዢው ነው፤ በመጨረሻ የሚጎዳው ግን የስሙ ባለቤት ነው። ስሙን መጠበቅም የመንግሥትና የፍርድ ቤት ተግባር መሆኑ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ የሻቶነፍ ገበሬዎች ወደ ዳኛ ከመቅረባቸው በፊት ፍሬያቸውን መልቀምና መጣል ጀምረው ነበር። ዛሬ ጠርሙሳቸውን በማያውቁት አገር የሚገዛው ሰው ሳይቀምስ የሚከፍላቸው ያን ጊዜ ከመከራቸው ከመቶው 5 እጅ ለመጣል ስለ ተስማሙ ነው።